የጓደኛዬን ማርሽ ስገጥም

ከሥራ ወጥቼ ወደ ቱሉ ዲምቱ የምመለስባት ዳገት ረጅም አይደለችም። በመኪና የሚያልፍባት ሰው ዳገት መሆኗንም ላያስተውል ይችላል። ቀኑን ሙሉ ብረት ሲያገላብጥ ውሎ በአሮጌ ኮርሳ ብስክሌት ለሚወጣት ግን ሌላ ናት። የምሠራው ቃሊቲ፣ አንድ የብረታ ብረት ፋብሪካ ውስጥ፣ ብረት በሚላጭ ቶርኖ ማሽን ላይ ነው። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ። ጠዋት ቁልቁለቱን ስወርድ ነፋሱ ፊቴን እየመታኝ ገና ወጣት የሆንኩ ይመስለኛል። ማምሻውን ስመለስ ዳገቷ ሃምሳን ማለፌን ታስታውሰኛለች።

ብስክሌቷን አልገዛኋትም። ልጅ እግር ሳለሁ ለአንድ ፋብሪካ ክለብ እወዳደር ነበር። ክለቡ ሲፈርስ ንብረቱን ለተወዳዳሪዎቹ አከፋፈሉንና ለእኔ እሷ ደረሰችኝ። የጣልያን ሥራ ናት፤ ፍሬሟ ብረት ነው፤ ቀለሟ ድሮ ሰማያዊ ነበር። ማርሽ መቀየሪያዋ እንደ ዛሬዎቹ ከፍሬኑ ጋር ተያይዞ ከእጅ ሥር የሚገኝ አይደለም። ከመሪው ወደ ፔዳሉ በሚወርደው ብረት ላይ የተተከሉ ሁለት ትንንሽ ዘንጎች ናቸው። ማርሽ ለመቀየር አንድ እጅን ከመሪው ማንሳት፣ ጎንበስ ማለት፣ ከዚያ ዘንጉን በጣት ገፋ ማድረግ ያስፈልጋል። በወጣትነቴ ይህን ሳላስበው አደርገው ነበር። መንገዱም እንደ አሁኑ በሰውና በመኪና አልተጨናነቀም ነበር።

አንድ አመሻሽ ላይ ዳገቷን ልጀምር ስል ማርሽ ለመቀነስ ቀኝ እጄን ወደ ታች ሰደድኩ። በዚያችው ቅጽበት አንድ ባጃጅ ተሳፋሪ ለመጫን ከፊቴ ተጠመዘዘ። በአንድ እጄ የያዝኩት ፍሬን አላቆመኝም። ከመንገዱ ጠርዝ ጋር ተጋጭቼ በጉልበቴ ወደቅሁ። ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ አየኝና፣

«ፋዘር፣ በሁለት እጅህ ያዝ እንጂ» አለኝ።

ልናደድበት ፈልጌ ነበር፤ ግን ያለው ልክ ነው። ብስክሌቷን እየገፋሁ ዳገቷን በእግሬ ወጣሁ። ጉልበቴ ከድሮም ያመኝ ነበር፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ግን ሥራ ቦታም ቆሜ መዋል ያቅተኝ ጀመር። የማርሹን ነገር ከልቤ ማሰብ የጀመርኩት ያኔ ነው። እጄን ከመሪው ሳላነሳ የምቀይረው ማርሽ ቢኖረኝ፣ የኋላ ጥርሶቿም ለዳገት የሚቀልሉ ቢሆኑ፣ ምናልባት ጡረታ እስክወጣ ያዘልቀኝ ይሆናል። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ግን ይደክመኛል። ዕቃ መፈለግ፣ መካኒክ መፈለግ፣ ገጥሞ አለመስማማት፣ እንደገና መፍታት። ቀኑን ሙሉ የሰው ብረት ሲያስተካክል የዋለ ሰው ማታ የራሱን ብረት የሚነካበት ጉልበት አይኖረውም።

ዕቃው ግን ሳልፈልገው ራሱ መጣ። የመጣውም እንዲመጣ ከማልመኘው ቦታ ነው።

እሑድ እሑድ አብሮኝ ይጋልብ የነበረ አንድ ጓደኛ አለኝ። ቤተሰቦቹ ከወሎ መጥተው አቃቂ የሰፈሩ ነጋዴዎች ናቸው። እሱ ግን ሱቅ መቀመጥ አልሆነለትም፤ የከባድ መኪና ሹፌር ሆኖ ዕድሜውን በጅቡቲ መንገድ ላይ ጨረሰ። የተዋወቅነውም መንገድ ላይ ነው። ከዱከም ስመለስ ጎማዬ ፈንድቶ ብስክሌቷን እየገፋሁ ስሄድ ያንን የሚያህል መኪናውን አጠገቤ አቆመ። «ና ውጣ፤ እሷንም ከላይ እንጭናታለን» አለኝ። አቃቂ እስክንደርስ ስለ ብስክሌቷ ያልጠየቀኝ ነገር የለም። ብዙም ሳይቆይ የራሱን ገዛ። ከዓመታት በኋላ ደግሞ ያንን ሸጦ ጅቡቲ ውስጥ ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ አንድ ቀላል፣ ዘመናዊ ኮርሳ ገዛ። ማርሹ በጣት ጫፍ ጠቅ ሲያደርጉት የሚቀየር ነው። ዳገት ላይ እኔ ጎንበስ ቀና ስል እሱ ጠቅ እያደረገ ጥሎኝ ይሄድና ጫፍ ላይ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር።

«ያንን የሙዚየም ዕቃ አስቀምጠህ ሰው ሁን» ይለኝ ነበር ስደርስ።

ከሁለት ዓመት በፊት ግን ነገሩ ተገለበጠ። እሱ ከፊት መሄዱን ተወና ከኋላዬ መሆን ጀመረ። ጎማዬ ላይ ተለጥፎ ነው የሚነዳው። ስፈጥን ይፈጥናል፤ ሳዘግም ያዘግማል። ከባድ መኪናውን «ሰለቸኝ» ብሎ ካስረከበ ቆይቷል። እኔ ዕድሜ ነው ብዬ ዝም አልኩ፤ ከኋላዬ ሲሆን ነፋሱን ስለምከለክልለት እያረፈ መስሎኝ ነበር።

አንድ እሑድ ስንመለስ ገላን አካባቢ የአህያ ጋሪ መንገዱን ሲያቋርጥ በድንገት ቆምኩ። እሱ አልቆመም። ከኋላ መጥቶ ገጨኝና ሁለታችንም አስፋልቱ ላይ ተዘረጋን። ክፉ ነገር አልደረሰብንም። ተነስቼ እጁን ስይዘው ግን አልነሳም አለ። እዚያው ተቀምጦ የተላጠ መዳፉን ይዳብሳል።

«ጋሪውን አላየኸውም እንዴ?» አልኩት።

«የትኛውን ጋሪ?»

ጋሪው ገና ከአጠገባችን አልራቀም። ዞር ብዬ ጋሪውን አየሁና ወደ እሱ ተመለስኩ።

«መንገዱን አይደለም የማየው» አለኝ ቀስ ብሎ። «ቢጫ ሹራብህን ነው። እሷን እየተከተልኩ ነው የምሄደው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከረመዳን በፊት ጀምሮ።»

ስኳር እንዳለበት አውቅ ነበር። ዓይኑን እንደነካው ግን አልነገረኝም፤ ለሚስቱም አልነገራትም ነበር። መኪናውን «ሰለቸኝ» ብሎ የተወው ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ሰው እንዳይገድል ብሎ እንጀራውን ሲተው ብስክሌቱን መተው ግን አቅቶታል። ያን ቀን ሁለታችንም ብስክሌቶቻችንን እየገፋን አቃቂ ድረስ በእግራችን ገባን። እሱ አንድ እጁን ትከሻዬ ላይ አድርጎ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሕክምና ተመላለሰ። እኔም እሑድ ብቻዬን መጋለብ አልሆነልኝም። ብስክሌቷ የሥራ መመላለሻ ብቻ ሆነች። እሑድ ከሰዓት በእግሬ ወይም በሚኒባስ ወርጄ እጠይቀዋለሁ። ቤቱ ከአሮጌው የባቡር ጣቢያ ብዙም አይርቅም፤ የአያት የአባቱ ግቢ ነው። ብስክሌቱ በረንዳው ላይ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ይቆማል። ባጃጅ ገብቶብኝ መውደቄን ሳጫውተው ሳቀ።

«የእኔን ማርሽ ውሰድ» አለኝ።

«የምን ማርሽ?»

«ሙሉውን። መቀየሪያውን፣ ፍሬኑን፣ የኋላ ጎማውን ከነጥርሶቹ። ብስክሌቱን እንዳለ ውሰድ እንዳልልህ ለአንተ አይሆንም።»

እውነቱን ነው። እሱ አጭር ነው፣ እኔ ረጅም ነኝ። አንድ ጊዜ ለጨዋታ ብስክሌቱ ላይ ወጥቼ ጉልበቴ ከመሪው ጋር ሲማታ ሆዱን ይዞ ስቋል። ፍሬሙ ለእኔ አይሆንም። በፍሬሙ ላይ ያለው ዕቃ ግን ወደ ሌላ ብስክሌት ሊዞር ይችላል።

«ሲሻልህ ምን ልትነዳ ነው?» አልኩት።

መልስ አልሰጠኝም። ሚስቱ ሻይ ይዛ መጣችና ወሬው ወደ ሌላ ዞረ። እኔም ደስ አለኝ። ያን ዕቃ መውሰድ ማለት እሱ ከእንግዲህ አይጋልብም ብሎ መፈረም ሆኖ ታየኝ። ይህን ደግሞ እኔ ልፈርምለት አልፈለግሁም።

ቢሆንም ሐሳቡ ከአእምሮዬ አልወጣም። አንድ ቅዳሜ ከሥራ በጊዜ ወጥቼ ብስክሌቷን ሳሪስ አቦ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ ወዳለ የብስክሌት ጠጋኝ ወሰድኳት። ጠጋኙ ቀልጣፋ ሰው ነው፤ እያወራም እየሠራም ስልክ ያነሳል። ብስክሌቷን ገልብጦ ካየ በኋላ የሚገጠመው ምን ዓይነት ዕቃ እንደሆነ ጠየቀኝ። ነገርኩት።

«ጋሼ፣ ይሄ አሁን ባለበት አይገባም» አለኝ። «የአዲሱ ጎማ መሐሉ ሰፊ ነው። የእርስዎ ፍሬም ኋላው ጠባብ ነው። መክፈት አለብን።»

«መክፈት ስትል ወደ ጎን መለጠጥ?»

«አዎ። ብረት ስለሆነ ይከፈታል። አሉሚኒየም ቢሆን አልነካውም ነበር።»

«ባልወደውስ? መልሰህ ትዘጋዋለህ?»

«እዘጋዋለሁ። ግን እየከፈትን እየዘጋን አይሆንም።»

ይህን እኔም አውቀዋለሁ። ብረት ደጋግመው ካጠፉት ይደክማል፤ ድካሙ ከላይ አይታይም፤ አንድ ቀን ቀጭ ይላል። ዕድሜዬን ሙሉ ስሠራበት የኖርኩት ነገር ነው። ጠጋኙ ማመንታቴን አይቶ ሌላ ሐሳብ አመጣ። ማርሹን ትቼ የኋላ ጥርሶቹን ብቻ በቀላል ብቀይር፣ ዳገቷ ትቀልልኛለች፤ ፍሬሙም አይነካም። እጄ ግን እንደ ድሮው ከመሪው እየተነሳ ይኖራል። ቀጥሎ ደግሞ ስልክ አነሳ። ስልኩን ዘግቶ ሲመለስ ዓይኑ በርቷል።

«ለምን ሞተር አላስገባልዎትም?» አለኝ። «ባትሪው እዚህ ጋ ይታሰራል። ዳገቱን ቁጭ ብለው ይወጡታል፤ ፔዳሉንም ቢፈልጉ ብቻ ነው የሚመቱት።»

አስቤበት እንደምመለስ ነግሬው ወጣሁ። እንደ እውነቱ ከሆነ ከሦስቱ አንዱንም ላስብበት አልፈለግሁም። ብስክሌቷን እየነዳሁ እስከ ቱሉ ዲምቱ ስመለስ የማስበው ስለ ባትሪው ነበር። ቁጭ ብሎ ዳገት መውጣት። መቶ ሰው ቢጠይቀኝ ነውር ነው እላለሁ፤ ያን ዕለት ግን በጣም አማረኝ።

ክረምቱ ገባ። ብስክሌቷን በረንዳ ላይ አቁሜ በላስቲክ ሸፈንኳትና በሚኒባስ መሄድ ጀመርኩ። ጠዋት ሰልፍ፣ ማታ ሰልፍ። ዝናቡ ከላይ ሲወርድ ጭቃው ከታች ይረጫል፤ ተራ ሊደርስ ሲል ደግሞ ሚኒባሱ ሞልቷል ይባላል። ውስጥ ከገባሁም በኋላ ጉልበቴን የማጥፍበት ቦታ የለም። በብስክሌት ስመጣ ደክሞኝ ነው የምገባው፤ በሚኒባስ ስመጣም ደክሞኝ ነው የምገባው። ልዩነቱ፣ የብስክሌቱ ድካም ራት በልቼ ጋደም ስል ይወጣል። የሰልፉ ድካም ግን አብሮኝ ያድራል።

ባለቤቴ አስተማሪ ናት። እሷም ቀኑን ሙሉ ቆማ ስለምትውል ማታ ማታ ሁለታችንም ሶፋው ላይ ጎን ለጎን እግራችንን ዘርግተን እንቀመጣለን። አንድ ምሽት ብስክሌቷ ላይ ያለው ላስቲክ በነፋስ ሲንኳኳ ሰምታ፣

«ለምን አትተዋትም?» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ብስክሌቷን ነዋ። ጓደኛህ ዓይኑ እስኪጠፋ ድረስ ነዳ። አንተ ደግሞ ምንህ እስኪጠፋ ነው የምትጠብቀው?»

በቁጣ አልነበረም የተናገረችው። እንደ ደከመው ሰው ነበር የተናገረችው።

«ልተው አላልኩም፤ ልቀይራት ነው የማስበው» አልኩ።

«ታዲያ ቀይራት። ወይ ቀይራት፣ ወይ ተዋት። በረንዳው ላይ ልብስ የማሰጣበት አጣሁ እኮ።»

ሁለታችንም ሳቅን። ግን ልክ ነበረች። ነገሩን እያመነታሁ ሳቆየው እሱም አንድ ሥራ ሆኖ ነበር፤ ከፋብሪካው ስወጣ ደግሞ ይሄኛው ሥራ ይጠብቀኛል።

ዝናቡ ሊያባራ አካባቢ የጓደኛዬ ሚስት ደወለችልኝ። እሷ ያለ ነገር አትደውልም። ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነበር፤ ከግቢው ወጥታ የምታወራ መሰለኝ።

«ወንድሜ፣ እባክህ ያን ብስክሌት ውሰድልኝ» አለችኝ።

«ምን ሆነ?»

«ጠዋት ጠዋት እየወጣ ይደባብሰዋል። ሰንሰለቱን ዘይት ይቀባል፤ በማግስቱ ደግሞ ያንኑ ዘይት ይጠርጋል። ትናንት እግሩ ገብቶበት ወደቀ። ልጣለው ስለው ይቆጣኛል፤ ላንተ የታሰበ ነው ይለኛል። አንተ ደግሞ አትወስደው። እኔ በመሐል ምን ላድርግ?»

«እሱ ሲሻለው...» ብዬ ጀመርኩ።

«አልሀምዱሊላህ፣ እንዳይብስ እየታከመ ነው» አለች።

በማግስቱ እሑድ ነበር። መፍቻዎቼን በቦርሳ ይዤ ወረድኩ። ጓደኛዬ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ሲጠብቀኝ አገኘሁት፤ እንደምመጣ ነግራዋለች። የቦርሳውን ኳኳታ ሲሰማ ፈገግ አለ።

«አመጣህ?» አለኝ።

«አመጣሁ።»

ብስክሌቱን መሐላችን ገለበጥነው። እኔ እፈታለሁ፣ እሱ ይይዛል ብዬ ነበር የመጣሁት። ሥራው ግን እንዲያ አልሄደም። መፍቻውን ከእጄ ተቀበለኝና በጣቱ ቡሎኑን ፈልጎ ራሱ መፍታት ጀመረ። ዓይኑን ወደ ብስክሌቱ አያደርግም፤ ወደ ግቢው በር እያየ ነው የሚፈታው። ሲቸግረው ብቻ እቀበለዋለሁ። ሰንሰለቱን እኔ ፈታሁ። የፍሬኑን ገመድ እሱ ሳበ። የፈታነውን ሚስቱ ባቀረበችልን ሰፌድ ላይ እናስቀምጣለን። የመሪው መያዣ ላይ የተጠቀለለውን ጥቁር ጨርቅ ሲያወልቅ እጁ ቆመ።

«ይሄን መንገድ ላይ ነበር የጠቀለልኩት» አለኝ። አዋሽ በረሃ ውስጥ መኪናው ተበላሽቶ እርዳታ ሲጠብቅ መዋሉን፣ ብስክሌቱን ከመኪናው አውርዶ ጊዜ ለማሳለፍ ጨርቁን እንደ አዲስ መጠቅለሉን አጫወተኝ። «ያን ቀን ሙቀቱ፣ ወላሂ፣ ጎማ ያቀልጥ ነበር።»

ያኔ አላስቻለኝም።

«ትንሽ ብንቆይስ?» አልኩት። «ሕክምናውን እየተከታተልክ ነው። አሁን ፈትተን፣ በኋላ ቢሻልህ ትጸጸታለህ።»

መፍቻውን መሬት ላይ አስቀመጠው። ፊቱን ወደ እኔ ድምፅ አዞረ።

«ሐኪሟ ያለኝን ልንገርህ?» አለኝ። «የሄደው አይመለስም፤ የቀረውን እንጠብቅ ነው ያለችኝ። ይህን ከነገረችኝ ቆይታለች። እኔ ሰምቻታለሁ። ሚስቴም ሰምታለች። አንተ ብቻ ነህ ያልሰማኸው። በመጣህ ቁጥር 'ሲሻልህ' ትለኛለህ። አንተን ላለማሳዘን ብዬ ዝም እላለሁ። አሁን እሱም ደከመኝ።»

ያጽናናሁት መስሎኝ በየሳምንቱ ሸክም ስጨምርበት ነበር የከረምኩት።

«እሺ» አልኩት። «አልደግመውም።»

«አብሽር» አለኝና መፍቻውን መሬት ላይ መፈለግ ጀመረ። አቀበልኩት። የቀረውን ፈታን። ሲያልቅ ራቁቱን የቀረውን ፍሬም አንስቶ በእጁ መዘነ። «ይሄን አትወስድም» አለ። ሚስቱ በር ላይ ቆማ ነበር፤ ዓይኗን ወደ ሰማይ አነሳችና ተቀብላው ወደ ዕቃ ቤት ይዛ ገባች።

ጠጋኙ ጋ ስሄድ እሱም አብሬህ ካልሄድኩ አለ። ቅዳሜ ቀን ባጃጅ ተኮናትረን፣ ዕቃውን በከረጢት እሱ አቅፎ፣ ብስክሌቷን ከኋላ አስረን ሳሪስ ገባን። ጠጋኙ በርጩማ ሰጠው። ስለ ሞተሩ እንደገና ሊያነሳልኝ ሲል ጓደኛዬ ከረጢቱን ዘረገፈለትና ነገሩ እዚያ ላይ አበቃ።

ፍሬሙን ሲከፍት ማየት አልቻልኩም። ብረት ሲጎብጥ በየቀኑ የማይ ሰው ነኝ፤ ያን ግን ፊቴን አዙሬ መንገዱን አየሁ። ጠጋኙ በሁለቱ የኋላ ብረቶች መሐል ረጅም ቡሎን አስገብቶ ዳዶውን ቀስ እያለ ያዞራል፤ ያላላል፤ ይለካል፤ እንደገና ያዞራል። ብረቱ አንዴ ጠጠር ያለ ድምፅ አሰማ። ጓደኛዬ በርጩማው ላይ ሆኖ ጭንቅላቱን ነቀነቀ።

«ተከፈተ» አለኝ። «አሁን መዞር ትችላለህ።»

ጎማው ገባ። ማርሹ ገባ። ገመዶቹ ተወጠሩ። ድሮ ሰማያዊ በነበረው ፍሬም ላይ ያ ሁሉ ጥቁር ዕቃ ሲያርፍ ብስክሌቷ የተውሶ ካፖርት የለበሰች መሰለች። አሮጌዎቹን ዘንጎች ጠጋኙ በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠኝ፤ ቤት ወስጄ መሳቢያ ውስጥ ከተትኳቸው።

ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ ነዳኋት። ማምሻውን ዳገቷ ሥር ስደርስ ቀኝ እጄ ከልማዱ ከመሪው ተነስቶ ወደ ታች ወረደና አየር ጨበጠ። ለብዙ ሳምንት እንዲሁ ሲያደርግ ቆየ፤ እየወረደ ያጣዋል፤ አፍሮ ይመለሳል። ከዚያ በጣቴ ጠቅ አደርጋለሁ፣ ሰንሰለቱ ሳያንገራግር ወደ ትልቁ ጥርስ ይወጣል። እግሬ ይቀልለዋል። ደስ ይለኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። የተሰማኝ ግን ከደስታ ያነሰ ነገር ነው፤ እፎይታ ልበለው። ጉልበቴ ማመሙን አልተወም፤ ግን ሥራ ቦታ ቆሜ መዋል እችላለሁ። ባጃጆቹም እንደ ድሮው ከፊቴ ይገባሉ፤ አሁን ሁለት እጄ ፍሬን ላይ ነው። ዳገቷን ድሮ ከምወጣት በባሰ ዝግታ ነው የምወጣት። ሲመሽ ደክሞኝ እገባለሁ፤ ራት በልቼ ጋደም ስል ድካሙ ይወጣል። የበረንዳው ገመድ ላይም ልብስ ይሰጣል፤ ብስክሌቷን አሁን ኮሪደር ላይ ነው የማቆማት።

እሑድ መጋለብ እንደገና ጀመርኩ። ብቻዬን ነው የምሄደው። ዱከም ደርሼ እመለሳለሁ፣ ጉልበት ያለኝ ቀን ትንሽ እጨምራለሁ። ስመለስ ቀጥታ ጓደኛዬ ቤት እገባለሁ። እሱ ስለ ማርሹ የጠየቀኝ የመጀመሪያውን ሁለት እሑድ ብቻ ነው። ደህና መሥራቱን ካረጋገጠ በኋላ ተወው። የሚጠይቀኝ ስለ መንገዱ ነው። የቱ ፋብሪካ ተከፈተ፣ የቱ ተዘጋ፤ የትኛው ግንብ ላይ ቀለም ተቀባ፤ ከባድ መኪናዎቹ የት ጋ ተሰልፈዋል፤ ጫናቸው ምንድን ነው። የማላስተውለውን ነገር እየጠየቀ እንዳስተውል አደረገኝ። አሁን ስነዳ ለእሱ የምነግረውን እየያዝኩ ነው የምሄደው።

ባለፈው ጊዜ ሙቀቱ ከብዶኝ ነበር የመጣሁት። የሳምንቱም ሥራ በዝቶ ነበር። ሚስቱ ትራስ አቀበለችኝ፤ ግድግዳውን ተደግፌ ተቀመጥኩና መንገዱን ከአቃቂ ድልድይ ጀምሬ እነግረው ገባሁ። እንዴት እንደሆነ አላውቅም። ዓይኔን ስገልጥ ፀሐይዋ ከበረንዳው ሄዳለች፤ አንድ ሰው ጋቢ ደርቦልኛል። ሻዬ ከፊቴ እንዳለ ቀዝቅዟል። ጓደኛዬ ከቦታው አልተነሳም።

«ስንት ሰዓት ተኛሁ?» አልኩት።

«እኔ ምን አውቃለሁ፤ ስታንኮራፋ ነበር» አለኝ። ቀጥሎም፣ «ገላን ጋ ስትደርስ ነው የተኛኸው። ከጋራዡ ፊት ለፊት አንድ ነገር እየተሠራ ነው ብለኸኝ ዝም አልክ። ምንድን ነው የሚሠራው?»

ቀና ብዬ ተቀመጥኩና ከገላን ጀምሬ ነገርኩት።